ጊንጥ ስፍራውን ሲያጣ



ዛሬ ስለ ጊንጥ ልናገር ቆሜያለሁ። ለድሬዳዋ ሰው ጊንጥ የተረት እንስሳ አይደለም። በሙቀቱ ወራት ግቢው ውስጥ አንጥፎ የሚተኛ ቤተሰብ ያውቀዋል። ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ እግሩን የማያስገባ ሠራተኛ ያውቀዋል። ከኮረብታው ጥግ ማገዶ የምትለቅም እናትም ታውቀዋለች። ሁሉም ስለሚያውቁት ይፈሩታል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ልክ ግን የለውም። ጊንጥን ሁሉ እኩል ገዳይ አድርገን ስለምንቆጥር ጉዳቱ ቀላል የሆነውን ባየንበት እንፈጃለን። በእርግጥ የሚያሰጋው ሲነድፈን ደግሞ ውድ የሆነውን ሰዓት በማይረባ መድኃኒት እናሳልፈዋለን።

የዛሬው ንግግሬ የሚቆምለት ሐሳብ አንድ ነው። ጊንጥ ስፍራ የሚመርጥ፣ ከስፍራውም እምብዛም የማይርቅ እንስሳ ነው። የእሱን ስፍራ አውቀን ብንተውለትና የእኛን ስፍራ ለእሱ የማይመች ብናደርገው፣ ልጆቻችንም እሱም በሰላም ያድራሉ። ይህን በማስረጃ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በትንሹ ልጀምር። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በሚገኘው የግራር ምድር ዩሮፕሌክተስ ፊሸሪ የተባለ ትንሽ ጊንጥ ይኖራል። ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ከአፉ እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መልኩ ወደ ቢጫና ወደ ቡና ያደላል፤ መቆንጠጫዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ቀን ቀን የሚውለው በዛፍ ቅርፊት ስር፣ በወደቀ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ወይም በድንጋይ ጥላ ነው። ሲመሽ ወጥቶ ትናንሽ ነፍሳትን ያድናል። ቢነድፍ ያቃጥላል፣ ያማል፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ግን ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይለቃል።

ይህ ትንሽ ጊንጥ ዛፍ ይወዳል። የግራር ቅርፊት ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ከስሩም ቀን የማይሞቅ፣ ሌሊት የማይቀዘቅዝ፣ ጥቂት እርጥበት የሚይዝ ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ምስጥ ይገባል፣ ጉንዳን ይመላለሳል፣ ሸረሪት ድሩን ያደራል። ለጊንጡ መጠለያውና ገበታው በአንድ ቦታ ተሟልተውለታል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የደረቀ የግራር ግንድ በእኛ ዓይን ማገዶ ቢሆንም፣ በውስጡ ብዙ ነፍስ ያለበት መንደር ነው።

አሁን ስለ ጊንጥ አኗኗር ጥቂት ልጨምር፤ አኗኗሩን ያወቀ ሰው ጥንቃቄው የት ላይ መሆን እንዳለበት ራሱ ይደርስበታልና። ጊንጥ ስምንት እግር አለው፤ ዘመዶቹ ሸረሪትና መዥገር ናቸው። በምድር ላይ የቆየው ከ430 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቁት ዝርያዎቹ ከ2,500 ይበልጣሉ። ዓይኖቹ ብዙ ቢሆኑም ቅርጽ አጥርቶ በማየት አይታወቅም። የሚመራው በመዳሰስና በንዝረት ነው። በመቆንጠጫዎቹ ላይ የበቀሉ ረቂቅ ጸጉሮች የአየርን እንቅስቃሴ ይይዛሉ። ከሆዱ ስር ደግሞ ሌላ እንስሳ የሌለው የማበጠሪያ ቅርጽ ያለው አካል አለው፤ በእሱ መሬቱን እየዳሰሰና እያሸተተ ይሄዳል። ፊሊፕ ብራውኔል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሞሃቪ በረሃ ባደረገው ጥናት፣ የአሸዋ ጊንጥ በእግሮቹ ብቻ የአሸዋውን ንዝረት አዳምጦ ሳያይ የሚያድነው ነፍሳት ያለበትን አቅጣጫ እንደሚለይ አሳይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጊንጥ ሰውን ፈልጎ አይመጣም። የእግራችን ንዝረት ለእሱ የትልቅ ጠላት መምጫ ምልክት ነው፤ ጊዜ ካገኘ ይሸሻል ወይም ከስንጥቁ ሳይወጣ ይቆያል። የሚነድፈው ሲረገጥ፣ በእጅ ሲጨበጥ፣ በልብስና በገላ መካከል ሲጣበቅ ነው። መርዙን በከንቱ አያወጣም፤ ለመተካት ቀናት ይፈጅበታልና። በደቡባዊ አፍሪካ በሚገኝ አንድ የፓራቡተስ ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጊንጡ ሲነካ መጀመሪያ የሚያወጣው ጠብታ ዋነኛው መርዝ እንዳልሆነ አሳይቷል። ጠብታው የሚያሳምም፣ ግን ለጊንጡ ብዙ የማያስወጣው ፈሳሽ ነው። ዋናውን መርዝ የሚጠቀመው ስጋቱ ሲቀጥል ነው።

እናትነቱም የሚገርም ነው። ጊንጥ እንቁላል ጥሎ አይሄድም፤ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። እንደየዝርያው ከጥቂት ወራት ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ እስከሚደርስ ጊዜ ያረግዛል። የተወለዱት ነጫጭ ግልገሎች በእናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ፤ የመጀመሪያ ልባሳቸውን እስኪቀይሩም ከዚያ አይወርዱም። በዚህ ጊዜ ያለችበት ቅርፊት ቢላጥ ወይም ግንዱ ቢነሳ እናቲቱም ልጆቿም አብረው ይጠፋሉ። በረሃብ ለወራት፣ አንዳንዶቹ ዝርያዎችም ለአንድ ዓመት ያህል ሳይበሉ መኖር ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ጽናት የያዘ እንስሳ መጠለያውን ሲነጠቅ ግን አቅም የለውም።

የሚያሰጉትን ጊንጦች ደግሞ በግልጽ ልናገር። በሀገራችን ሌዩረስ፣ ፓራቡተስና ሆተንቶታ በሚባሉት ወገኖች ውስጥ መርዛቸው ለሰው አደገኛ የሆነባቸው ዝርያዎች አሉ። ሁሉም ቡቲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። በአብዛኛው መቆንጠጫቸው ቀጭን፣ ጅራታቸው ወፍራም ነው። በአንጻሩ ፓንዲነስና ዘመዶቹ የሚባሉት ትላልቅ ጥቁር ጊንጦች ግዙፍ መቆንጠጫ ስላላቸው ያስፈራሉ፤ መርዛቸው ግን ከእነዚያ በእጅጉ የቀለለ ነው። ስለዚህ በግርማ ሞገስ አንፍረድ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ትንሹ ዩሮፕሌክተስ ራሱ ከቡቲዴ ቤተሰብ ነው፤ መቆንጠጫው ቀጭን ሆኖ መርዙ ግን ቀላል ነው። ምልክቱ ስህተት ላይ ቢጥለን የሚጥለን ወደ ጥንቃቄ ነውና አንጎዳም። በመብራት ለቅጽበት ያየነውን ጊንጥ ዝርያውን ለይተናል ብለን ተዘናግተን ሕፃን ልጅ እቤት አናቆይ።

መርዙ የሚሠራው በነርቭ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉባቸውን በሮች ይዘው አንዳንዱን እንዳይዘጋ፣ አንዳንዱን እንዳይከፈት ያደርጋሉ። ለዚህ ነው በከባድ ንድፊያ የሰውየው ልብ ያለ ልክ የሚመታው፣ ላቡና ምራቁ የሚበዛው፣ የሚያስመልሰው፣ ትንፋሹም የሚያጥረው። የሕፃን ገላ ትንሽ ስለሆነ ያው የመርዝ መጠን በልጅ ላይ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በጊንጥ እንደሚነደፍ፣ ከ3,250 በላይ እንደሚሞት ገምቷል። ከተነደፈው አብዛኛው ሰው ይድናል ማለት ነው፤ ከሚሞቱት ደግሞ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው። ፍርሃታችንን እንዲህ እንመድበው፤ ለአዋቂው መረጋጋትን፣ ለልጁ ፍጥነትን።

ጊንጥ የነደፈው ሰው ምን ይደረግለት? የተነደፈውን ቦታ በውኃና በሳሙና ማጠብ። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ማሳረፍ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ማሳረፍ፣ ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ማውለቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ ነጭ ጋዝ መቀባት መርዙን አያወጡም። ቁስልና መበከልን ይጨምራሉ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ይበላሉ። የተነደፈው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። አዋቂም ቢሆን ማላብ፣ ማስመለስ፣ የምራቅ መብዛት፣ የዓይን መቅበዝበዝ ወይም የትንፋሽ ችግር ከታየበት እንዲሁ። በሕንድ ማሃራሽትራ ገጠር የሚሠሩት ዶክተር ሂማትራኦ ባዋስካር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕራዞሲን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት በጊዜ በመስጠት ብዙ ልጆችን ከሞት አትርፈዋል። ትልቁ ትምህርታቸው በጊዜ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ልጅ የመዳን ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ስፍራችን ልመለስ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ምድሩ ግን ከከተማዋ እጅግ የቀደመ ነው። በስተደቡብ የሚታዩን የኖራ ድንጋይ ገደሎች በስንጥቅና በዋሻ የተሞሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምር ዓለም ከታወቀ ወዲህ፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ግድም የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያና የቀይ አፈር ቀለም ትተው እንዳለፉበት ተረጋግጧል። ሰውና የገደሉ ነፍሳት በዚህ ምድር የተጎራበቱት ትናንት አይደለም። ከገደሉ ወደ ደንገጎ ከፍታ ሲወጣ የጽድና የወይራ ቅሪት ይታያል። ከከተማው ወደ ሰሜን ወደ ቆላው ሲወረድ ግራሩ ይሰፋል። ደቻቱን የመሰሉ አሸዋማ ወንዞች ዓመቱን አብዛኛውን ደርቀው ይከርማሉ፤ ዳርቻቸው ግን ዛፍ ያበቅላል። ይህ ሁሉ የጊንጥ ስፍራ ነው።

ይህን ስፍራ እየቀነስነው ነው። ግራሩ ለከሰልና ለማገዶ ይቆረጣል። የወደቀው ግንድ ተለቅሞ ያልቃል፤ ድንጋዩ ለግንባታ ይነሳል። ተራራው ሲራቆት ምን እንደሚከተል ይህች ከተማ በልጆቿ ሕይወት ከፍላ አውቃለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ያ ጎርፍ የወረደው ውኃ የሚይዝ ዕፅዋት ከሳሳበት ተዳፋት ነው። ለትንሹ ጊንጥ ቅርፊት የሚሆነው ዛፍና ለእኛ ጎርፍ የሚገታው ዛፍ አንድ ዛፍ ነው። ስለዚህ የጊንጡን ስፍራ ጠብቁ ስል ለነፍሳት ብቻ አዝኜ አይደለም።

ሁሉም ዛፍ ግን እኩል አይደለም። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ የሚገኘው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ ይነገራል። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የተተከለው ዛፍ ዛሬ በአፋርና በአካባቢያችን ነባሩን ሣርና ግራር እየሸፈነ ነው። መሬቱ አረንጓዴ መምሰሉ ብቻ ስፍራ ተጠበቀ አያሰኝም። ነባሩ ግራር ከነባሮቹ ነፍሳት ጋር አብሮ ነው የኖረው። የሚተከለው ችግኝ ሲመረጥ ይህ ይታሰብበት።

በአንድ በኩል የዱሩን መጠለያ እያፈረስን፣ በሌላ በኩል ሳናውቀው በግቢያችን መጠለያ እንሠራለን። ለግንባታ ተከምሮ ዓመት የሚቆየው ድንጋይና ብሎኬት ለጊንጥ የተመቸ ገደል ነው። ያልተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ ስንጥቁ ብዙ ነው። በአጥር ጥግ የተቆለለ ማገዶ ቅርፊት አለው። በግቢ ሌሊቱን የሚበራ መብራት ነፍሳትን ይስባል፤ ያልተከደነ ቆሻሻ በረሮን ያረባል። ምግብና መጠለያ በአንድ ግቢ ካዘጋጀን በኋላ ጊንጥ ለምን መጣ ብንል መልሱ እጃችን ላይ ነው። ከተማዋ ወደ ኮረብታዎቹ ጥግ እየሰፋች ስትሄድ አዳዲስ ሰፈሮች ጊንጡ በኖረበት ድንጋይ ላይ እየተሠሩ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ያሉ ወገኖቼ ይህን ነገር ከሌላው አስቀድመው ይያዙት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ማገዶና ድንጋይ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ይራቅ። የግድግዳ ስንጥቅ ይለሰን፤ የበር ስር ክፍተት ይደፈን። ደጅ የምንተኛ ከሆነ አልጋው ከግድግዳ ይራቅ፤ የአንሶላው ጫፍ መሬት አይንካ። አጎበሩ ጫፉ ፍራሹ ስር ከተወተፈ ከትንኝም ከጊንጥም ይከላከላል። ጫማና ልብስ ይራገፉ። ሌሊት ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው ጫማ አድርጎ፣ መብራት ይዞ ይውጣ። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ድንጋዩን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይገልብጠው፤ ያኔ ከስሩ ያለው ፍጥረት የሚሸሸው ከሰውየው ርቆ ነው።

ጊንጡን ለምን እንተወዋለን የሚል ሰው ይኖራል። ጊንጥ ምስጥን፣ ፌንጣንና በረሮን ይበላል፤ እሱን ደግሞ ጉጉት፣ እርኩም፣ ዝንጀሮና የሌሊት ወፍ ይበሉታል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይናጋል። ከዚህም በላይ በመርዙ ውስጥ ለሰው ልጅ መድኃኒት የሚሆን ነገር አለ። ሌዩረስ ኩዊንኬስትሪያተስ ከተባለው አደገኛ ጊንጥ የተገኘው ክሎሮቶክሲን፣ 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ከአንዳንድ የአንጎል ዕጢ ሴሎች ጋር ይጣበቃል። የአሜሪካ ሐኪሞች ከእሱ የሚያበራ ቀለም ሠርተው፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ዕጢውን ከጤነኛው የአንጎል ክፍል ለመለየት ሲሞክሩት ቆይተዋል። መርዙ ገና ያልተመረመረ ዝርያ ብዙ ነው። ሳናውቀው የምናጠፋው ዝርያ ምን ይዞ እንደሚሄድ መቼም አናውቅም።

በዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። ስለ ሀገራችን ጊንጦች የተጻፈው አብዛኛው የውጭ ሰዎች ሥራ ነው። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ፓቬሲ እ.ኤ.አ. በ1883 የሸዋን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን የሚዘረዝር ጥናት አሳተመ። አልፍሬዶ ቦሬሊ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሠርት ዓመታት የአፍሪካ ቀንድን ጊንጦች መዘገበ። በዘመናችንም የቼክ ሪፐብሊኩ ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክና ባልደረቦቹ በተከታታይ ጽሑፎች አዳዲስ ዝርያዎችን እያወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኙትን አዲስ ወገን የሰየሙት በአማርኛው ስም ጊንት ብለው ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም በአዋሽ ስም የተጠራ፣ ኒዮቡተስ አዋሸንሲስ የተባለ እጅግ ትንሽ ጊንጥ ይፋ አድርገዋል። የእነዚህ ዝርያዎች ግኝት በእኛ ዘመን፣ በእኛ ምድር የሆነ ነው። ገና ያልተገለጠ ድንጋይ፣ ገና ያልታየ ቅርፊት አለ ማለት ነው። ስሙ የእኛ ከሆነ ጥናቱስ ለምን የእኛ አይሆንም?

ተማሪዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ጊንጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ በልባሱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው የሚያበሩት። ይህን ብርሃን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየሱቁ የብር ኖት የሚፈተሽበት ትንሽ መብራት ዓይነት ይበቃል። ረጅም ጫማ አድርጋችሁ፣ ከመምህር ጋር ሆናችሁ፣ ሳትነኩና ሳትገድሉ በአንድ ተዳፋት ላይ የጊንጦችን ብዛትና መዋያ መመዝገብ ትችላላችሁ። ዛፍ ባለበትና በተራቆተው ተዳፋት መካከል ያለውን ልዩነት በየወቅቱ ብትመዘግቡ፣ የድሬዳዋን የጊንጥ መዝገብ እናንተ ትጀምራላችሁ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ሥራ ቢመሩት፣ የጤና ተቋማትም ማን፣ የትና በምን ሰዓት እንደተነደፈ ቢመዘግቡ፣ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ የትኛው ሰፈር ቅድሚያ እርዳታ እንደሚሻ ይነግሩናል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ዘርዝሬ ላብቃ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ጊንጥ ባዩ ጊዜ ቆመው ትልቅ ሰው እንዲጠሩ አስተምሩ፤ በእግር መርገጥና በእንጨት መውጋት ንድፊያን ይጋብዛል። መምህራን፣ የንድፊያን የመጀመሪያ እርዳታ በክፍል አስተምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ምላጩንና ገመዱን ከየቤቱ አስቀሩልን። የከተማው አስተዳደር፣ በአዳዲስ ሰፈሮች የግንባታ ክምር ዓመት እንዳያድር ደንብ ያስፈልገናል፤ በተዳፋቶቹም ነባር ግራር ይተከል። ማገዶ የምትለቅሙ እናቶቼና እህቶቼ፣ ያረጀውን ግንድ ሁሉ አታንሱ፤ በየተዳፋቱ ጥቂቱን ለመሬቱ ተዉለት።

ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ዛሬ ማታ እቤታችን ስንገባ የሚጀመር ነው።